የኡበይድ ቦይ

ወንድሜ ሕሉፍ መሞቱን የሰማሁት ጎብዬ ገበያ ማሽላ እያሰፈርኩ ሳለ ነው። የደወለልኝ ኡበይድ ነበር። «እታለም፣ ወደ ቆቦ ነይ» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ገባኝ።

ኡበይድ ከወንድሜ ማሳ በታች የሚያርስ ጎረቤታችን ነው። እኛ አገር ማሽላን የሚያበቅለው ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ሕሉፍ ከላይ ስለሆነ በአፈር ክትር ጠልፎ ለራሱ ያስቀረው ነበር። አንድ ክረምት ኡበይድ ክትሩን ሊከፍት ቢመጣ፣ ሕሉፍ በዱላ መትቶ ክንዱን ሰበረው። ሽማግሌዎች አስታረቋቸው፤ ጎርፉ ግን ወደ ታች አልወረደም።

ባለፈው ዓመት ሕሉፍ ንስሐ ገባ። ጾሙንም ጸሎቱንም አጠበቀ። ኡበይድን መንገድ ላይ ሲያገኘው «አዲስ ሰው ሆኛለሁ» አለው።

«ወላሂ ደስ ይላል!» አለው ኡበይድ። «ጾምህን ለሆድህ ንገረው፤ ለእኔ ውሃውን ልቀቅልኝ።»

ሕሉፍ አልተቆጣም። በማግስቱ ክትሩን አፈረሰው። የኡበይድ ክንድ አካፋ ስለማያነሳ፣ ውሃውን ወደ ታች የሚያወርደውን ቦይ ራሱ ይቆፍርለት ጀመር።

«ለኡበይድ ተቀጠርክ እንዴ?» እያሉ የሰፈሩ ሰዎች ሳቁበት።

«ሳባዬ፣ ኡበይድ አፌን አላመነኝም» አለኝ ሕሉፍ አንድ ቀን እጁን እየታጠበ። «እኔም ብሆን አላምንም ነበር።»

ወባው የያዘው ቦዩ ላይ ሳለ ነው፤ ሳምንት አልቆየም። ኡበይድ በደህና እጁ ቃሬዛውን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘው።

ክረምቱ ሊገባ ነው። ቦዩ ገና የኡበይድ ማሳ አልደረሰም።