ያልተሰጠኝ ቀኖና

መጀመሪያ የታመመው እጄ ነው። ቆዳው ተላጠ፣ ቀላ፣ ሳሙና ሲነካው ያቃጥለኝ ጀመር። እኔ ግን በቀን አሥር ጊዜ መታጠቡን አልተውሁም። ጎረቤቶቼ "የባሕር ዳር ሙቀት ነው" ይሉ ነበር፤ እኔም አዎ እላለሁ።

ሲብስብኝ ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሟ እጄን አገላብጣ አየችና "እንዲህ አብዝተሽ የምትታጠቢው ከምን ለመንጻት ነው?" አለችኝ።

ነገርኋት። የማውቀው ሰው አስገድዶ ደፈረኝ። ጮኽሁ። የሰማኝ የለም። አፈርሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ሕመሙ ፒቲኤስዲ የሚባል፣ ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም እንደሆነ፣ መታጠቡም እፍረቱም ምልክቶቹ እንደሆኑ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "የተደረገብሽ ነው እንጂ ያደረግሽው አይደለም" አለችኝ። ደሜ ተመርምሮ ከኤች አይ ቪ ነጻ መሆኔ ታወቀ። የምክር አገልግሎት ጀመርሁ፤ እንቅልፌ ተመለሰ፣ እጄም ዳነ።

አንድ ነገር ግን አልድን አለኝ። እኔ በሰፈራችን በእልልታ የታወቅሁ ነኝ፤ ታቦት ሲወጣ ድምፄ ከሩቅ ይለያል። ከተደፈርሁበት ቀን ወዲህ ግን "ንጹሕ አይደለሁም" ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሳልሜ እመለስ ነበር። እልልታዬም ቀረ። ቀኖና ብቀበል ይቀለኛል ብዬ ወደ ንስሐ አባቴ፣ ዘጌ፣ በጀልባ ተሻገርሁ። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ልጄ፣ ቀኖና ለበዳይ ነው። አንቺ ተበዳይ ነሽ፤ ስለ ምን ብዬ ልስጥሽ?"

"ግዴለም አባ፣ ስግደቱን ይስጡኝ።"

"አልሰጥም።"

"እሺ፣ ጾሙን።"

ገበያ ላይ ያለሁ ይመስል ተከራከርኋቸው። በመጨረሻ ሳቃቸው መጣ። "በይ እንግዲህ፣ ለንግሡ እዚህ ነይና ቅጥሩ ውስጥ ገብተሽ እልል በይ። ቀኖናሽ ይኸው ነው" አሉኝ።

ለንግሡ ሁሉን የነገርኋትን ታናሽ እህቴን ይዤ ሄድሁ። በሩ ላይ እግሬ ተያዘ። እህቴ እጄን ያዘች። ገባሁ። ታቦቱ ሲወጣ አፌን ብከፍት መጀመሪያ የወጣው ልቅሶ የሚመስል ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ ግን እልልታዬ መጣ፣ ያ የማውቀው፣ ረጅሙ፤ ሴቶቹም ተቀበሉኝ፣ እኔም እያለቀስሁ እየሳቅሁ ትንፋሼ እስኪያልቅ አቀለጥሁት። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሜን፣ አባንና እህቴን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንቺ ይህ የደረሰብሽ፣ እንደኔ አትቆዪ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሆስፒታል ሂጂ፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ብትዘገዪም ሂጂ። ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

ያን ቀን ጀልባ ልንሳፈር ስንል አባ ሊሸኙን መጡና "ቀኖናሽን ጨረስሽ?" አሉኝ።

"ኧረ አባ፣ ገና መጀመሬ ነው!"