በልጄ ስልክ ላይ የገረጣው ፊቴ

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትደብቂኝ?» የሚለው የልጄ የድምፅ መልእክት ሲደርሰኝ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጠጠር እያራገፍኩ ነበር። ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም የዚያን ቀን ጉልበቴ እንኳ አላስቸገረኝም፤ ከሐይቅ ከተማ ተነስቼ ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግሬ ነው የመጣሁት። መልእክቱን ደግሜ ከፈትኩት። «ከዒድ ወዲህ ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ። ከንፈርሽ ደም የለውም። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ንገሪኝ» ትላለች። ታለቅሳለችም።

ልጄ ያለችው አረብ አገር ነው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው። ከወለድኳቸው ያደገችልኝ እሷ ብቻ ናት። የእሷ ልጅ ደሴ አባቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ ለዒድ መጥታ ሁለት ቀን ታድርና ትሄዳለች። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከራሴ ሌላ የሚያስል ሰው የለም። መዞር ያበዛሁት ለዚህ ነው። ሰው «እግሯ አያርፍም» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ዛሬ አርዲቦ የአክስቴ ልጅ ዘንድ፣ ነገ ውጫሌ፣ ከነገ ወዲያ አምባሰል ወንድሜ ቤት። የትም ብሄድ ደግሞ ሁለት ቀን ሲሞላኝ ቤቴ ይናፍቀኛል። ተመልሼ በሩን ስከፍት ግን ምኑ እንደናፈቀኝ ይጠፋኛል።

ባለፈው ዒድ ከዚያ አገር በመጣች ሴት እጅ አዲስ ስልክ ላከችልኝ። «ካሜራው ጉድ ነው፣ እማ። የምትሄጂበትን ሁሉ ቅረጪና የኢንተርኔት ገጽሽ ላይ ለጥፊልኝ፤ ሥራ ሲበርድልኝ አየዋለሁ» አለችኝ። በምስል መደወል እሷ ካለችበት ቤት አይሆንላትም፤ እኛም ዘንድ ኔትወርኩ ድምፅ እንጂ ምስል አይሸከምም። ስለዚህ የምንገናኘው በድምፅ መልእክትና እኔ በምለጥፈው ቪዲዮ ሆነ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ለቃቅሜዋለሁ፤ ስልኩን ደግሞ እሷው ናት «አሁን ቀዩን ንኪ፣ አሁን ቀስቷን ንኪ» እያለች በድምፅ ያስተማረችኝ። አንዴ ከለመድኩት ወዲያ ማን ይቻለኝ! የሐይቁን ውሃ፣ ዓሣ አጥማጆቹን፣ የሰው ሰርግ፣ መንገድ ላይ ያገኘኋትን ጥጃ ሳይቀር እለጥፍ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ስልኩን ወደ ራሴ አዞርና «አየሽ ልጄ?» እላታለሁ።

እኔ በስልኬ ሳያቸው ቪዲዮዎቹ ልብ ይሰርቃሉ። ውሃው ያብለጨልጫል፣ የማሳው አረንጓዴ ዓይን ይወጋል፣ የእኔ የአሮጊቷ ፊት እንኳ ቅቤ የጠጣ ይመስላል። ታዲያ አመድ ያለችው የትኛውን ፊት ነው? «አፊያ ነኝ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለብኝ» ብዬ ላኩላት።

ወዲያው መለሰች። «ሁላችሁም ስትዋሹኝ እንደዚህ ነው የምትሉት።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኛ ዘንድ መርዶ ለሩቅ ሰው በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ናት፣ አጠገቧ ደግፎ የሚይዛት የለም፣ ራሷን ብትጥልስ ይባልና ይደበቃል። አባቷ ሲሞት እኔም ያንኑ አደረግሁ። «አባቴን አገናኙኝ» ስትል «ሶላት ሄዷል» አልናት። ሌላ ቀን «ገበያ ወርዷል»፣ ሌላ ቀን «አሁን ጋደም አለ»። አራት ወር። ለቅሶ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እየሳቅሁ አዋርቻታለሁ። በመጨረሻም የሰማችው ከእኛ አፍ አይደለም፤ አንዲት የሰፈራችን ልጅ እዚያው አገር አግኝታት «አላህ ያጽናሽ» ብትላት ነው። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነን» የሚለው ቃል በልጄ ጆሮ ደህና ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ አምባሰል ወደ ታናሽ ወንድሜ ወጣሁ። ደጅ ላይ የበሬ ጠፍር እያለፋ ነበር።

«መጣሽ እታለም? አንቺንም በዚህ ባሰርኩሽ!»

«ተወኝ እስቲ። ስልክህን አምጣ።»

የሱ ስልክ አሮጌ ናት፤ መስታወቷ ተሰነጣጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ገጼን አስከፈትኩት። ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ዳር ቆሜ የተቀረጽኩትን፣ በእኔ ስልክ ላይ ያማረውን ቪዲዮ። ያ አላህ! ሰማዩ የለም። ውሃው ልብስ የታጠበበት የሳሙና ውሃ መስሏል። መሃሉ ላይ አንዲት ግራጫ ሴትዮ፣ ዓይኗ የጎደጎደ፣ ከንፈሯ የነጣ፣ «አየሽ ልጄ?» ትላለች።

«አይ!» አለ ወንድሜ። «ይቺማ ከፈን ብቻ ነው የቀራት።» ሳቀ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳቁን ዋጠው።

ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አንዱ ላይ እኔ አለሁ፣ አንዱ ላይ ልሞት ነው። ልጄ ስድስት ዓመት የያዘቻት ስልክም እንደ ወንድሜ ስልክ ያረጀች ናት።

ወንድሜ «እኔ ልንገራት» ብሎ ደወለ፤ እንዳጋጣሚ አነሳች። «ወላሂ ደህና ናት!» አለ እየጮኸ። «ይቺውና፣ ቆሎ እየቆረጠመች ነው!»

«አጎቴ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ያኔም ‹እየበላ ነው› ብለኸኝ ነበር።»

ስልኩን ሰጠኝ። ፊቱን ወደ ጠፍሩ መለሰ።

«እማ» አለችኝ። «ማዳሜን ለመንኳት። ውሌን ሰርዤ ልሂድ አልኳት፣ እሺ ብላለች። አርብ ትኬት ትቆርጥልኛለች። አንዴ ሰርዤ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም፤ ይሁን። የልጄን ትምህርት አላህ ያውቃል። ብቻ አንቺን በሕይወትሽ ልይሽ።» ከወዲያ ሰው ጠራት፣ ተቋረጠ።

ደስ አለኝ። መናገሩ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። ወንድሜ «ወየው፣ ልጅቱ እንጀራዋን ልትደፋ ነው!» ብሎ ራሱን ሲይዝ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ፈገግታዬን እሸፍን ነበር።

«ውጫሌ አንዲት ስልክ ጠጋኝ አለች» አለኝ። «አሁኑኑ ውረጅ። አርብ ሳይደርስ።»

ወረድኩ። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ሳስብ፣ ምንም ማድረግ እንደሌለብኝ ታየኝ። መዋሸት አይጠበቅብኝም። «አመመኝ» አልልም። ዝም ብዬ ያቺን ግራጫ ሴትዮ እዚያው ገጹ ላይ ብተዋት፣ ልጄ በሳምንቱ ደጄ ላይ ናት። ሻንጣዋን ስታስቀምጥ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ «እማ፣ ይሄ ድስት አሁንም አለ?» ስትል ሰማኋት። ረዳቱ «እማማ፣ ሂሳብ» እያለ ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል አሉ።

ጠጋኟ ጎልማሳ ሴት ናት። ትንሽ መፍቻ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከተበታተኑ ስልኮች መሃል ተቀምጣለች።

«ይግቡ እማማ። ወድቆ ነው ወይስ ውሃ ገብቶት?»

«አልወደቀም። ፊቴን አመድ አደረገው።»

ተቀብላ አየችው። «ማሻአላህ! እዚህ ላይማ ሙሽራ መስለዋል።»

«ባንቺ ስልክ እይኝ።»

አየችና ሳቋ መጣ፤ እንደ ወንድሜ ግን ሳቋን አልዋጠችውም። «ስልክዎ አልታመመም፤ ጉብዝናው ነው ያስቸገረዎት። ኤች ዲ አር ይሉታል። የፀሐዩንም የጥላውንም ብርሃን አጭቆ ይቀርጻል። ያን ሁሉ ብርሃን መልሶ ማሳየት የሚችለው እንደሱ ያለ ስክሪን ነው። ገጽ ላይ ተለጥፎ በተራ ስልክ ሲታይ ግን ቀለሙ ይታጠባል። ስንቱ መጥቶ ‹ሰርጌን ለቅሶ አስመሰለብኝ› ብሎኛል መሰለዎት!»

«መድኃኒቱስ?»

«ሴቲንግ ገብቶ ማጥፋት ነው። ከዚያ አዲስ ይቀርጻሉ። አንዲት ንክኪ ናት። ላጥፋው?»

«ቆይ» አልኳት።

«ምን ያስቆየዎታል? አፍዎን ሳይዘጉ እጨርሰዋለሁ።»

«ዙሑር ደርሷል» አልኩና ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰገድኩ። ከሰገድኩ በኋላ ከመስጊዱ ሴቶቹ ሁሉ ሄደው እኔ ቀረሁ። ዱዓ ላደርግ እጄን አነሳሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን ጠፋኝ። ትምጣልኝ ልል ነው? አትምጣ ልል ነው? እጄ ተነስቶ ቆየ። የአባቷን ሞት አራት ወር ደብቄአታለሁ። አሁን ደግሞ ጤናዬን ልደብቃት ነው። ስትመጣ ፊቴ ጠይም፣ ጉልበቴ ብርቱ፣ እንስራ አዝዬ ታገኘኛለች። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ታቅፈኛለች። ከዚያስ? ከዚያ ስንት ቀን ቆይታ ነው ነገሩ የሚገባት?

እጄን ፊቴ ላይ አሳርፌ ተነሳሁ።

ጠጋኟ ስታየኝ «ዱዓው ረዘመ፤ ለእኔም አድርገውልኝ ይሆን?» አለች።

«አጥፊው» አልኳት።

አጠፋችው። ከሱቁ ደጅ ግድግዳው ጥግ አቆመችኝ፤ ስልኩን ራሷ ያዘችልኝ። ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ይተላለፋል። ጀምሪ ስትለኝ «አየሽ ልጄ» የምትለዋ ቃል አልመጣችልኝም። እንዲህ አልኩ፦

«ልጄ፣ አላመመኝም። አመድ የመሰልኩት በስልኩ ነው። ላታምኚኝ ትችያለሽ፤ ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። ‹አባትሽ ሶላት ሄዷል› ስልሽ አፈር ከለበሰ ሰንብቷል። እየሳቅሁ አወራሁሽ። አንቺን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ብቻሽን ነው ያስለቀስኩሽ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ከዛሬ ወዲያ የምነግርሽ እውነቱን ነው። ውልሽን አትሰርዢ።»

ጠጋኟ ስልኩን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ለጠፈችውና በራሷ ስልክ ከፍታ አሳየችኝ። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፣ ሰማዩም አለ። የግንባሬ መስመር ሁሉ ይቆጠራል። እንደ ድሮው አያበራም፤ እንዲያው እኔው ነኝ።

«ጠይምነትዎ ተመለሰ» አለችኝ። ስለ ቀረው ነገር አልጠየቀችኝም፤ ቀጥሎ የመጣውን ሰው «ያንተ ደግሞ ምን ሆነ?» አለችው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሐይቅ ቤቴ ደጅ ላይ ተቀምጬ ነበር መልእክቱ የገባው። ረጅም ነው። መጀመሪያ ለቅሶ ብቻ ነበር። ከዚያ «አየሁሽ፣ እማ። አሁን አንቺን አየሁሽ። ስለ አባዬ አውፍ ብዬሻለሁ፤ እንድትነግሪኝ ነበር የምፈልገው» አለች። ቀጠለችና ድምፅዋ ቀለል አለ። «ማዳሜን ትኬቱን ተይው አልኳት። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፣ እጨርሰዋለሁ። ልጄም ትምህርቷን ትቀጥላለች። ደስ አላለሽም?»

ለመመለስ ቀዩን ነካሁ። «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ ልጄ» አልኩ። ከመላኬ በፊት ሰማሁት፤ መሃሉ ላይ ድምፄ ይሰበራል። አጠፋሁት። ሁለተኛውን ጎላ አድርጌ፣ ሳቅ ጨምሬበት ቀዳሁ። እሱንም ሰማሁት፤ የእኔ አልመሰለኝም፣ አጠፋሁት። ሦስተኛውን ስጀምር ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «ደግ አደረግሽ፤ ጨርሰሽ ነይ» አልኩ። ከዚያ «እኔ ግን እንድትመጪልኝ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

ይህንን መልሼ አልሰማሁትም፤ ቀስቷን ነካሁ። ከጎኑ አንድ ምልክት ብቻ ወጣ። ሁለት ሲሆን ነው ደረሳት ማለት። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሥራ ገብታለች መሰለኝ።