ለመንታ አንድ ዕጣ

ባለፈው ቅዳሜ ካፖርቴን ልወስድ ሳንሆዜ ቤቴ አጠገብ ያለው ላውንደሪ ቤት ገብቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የጋለ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። መጀመሪያ ሹ የሚለው ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ያ ሽታ፤ ሊቃጠል ትንሽ የቀረው የናይለን ሽታ። ሴትየዋ ካፖርቴን ይዛ ስሜን ስትጠራ አልሰማኋትም። ኦክላንድ ነበርኩ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጠባቧ ኩሽናችን ውስጥ ቆሜ የእህቴን ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ እተኩስ ነበር። የእህቴን ነው ያልኩት። እኔ ዩኒፎርም አልነበረኝም።

እኔና እህቴ መንታ ነን። መልካችን አይመሳሰልም፤ እሷ እናቴን ወጣች፣ እኔ አባቴን። አባቴ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። ጓደኞቹ ተራ ሲጠብቁ ስለ ኳስ ሲከራከሩ እሱ የሚከራከረው ስለ ትምህርት ቤት ነው። «ሱቅ ገብተህ ሽንኩርት እንኳ እያገላበጥክ ትመርጣለህ» ይላል፣ «ልጅህን ግን በአድራሻህ ይመድቡብሃል፤ አንተ አሜን ብለህ ትቀበላለህ። እኔ ቀበሌ ያደለውን ዳቦ በልቼ ነው ያደግሁት። ቀበሌ የመደበልኝን ትምህርት ቤት ግን ለልጄ አልቀበልም!» ቀበሌ የሚለው የኦክላንድን መንግሥት ነው። ልጅን የሚያውቀው አባቱ እንጂ ቢሮ አይደለም ባይ ነበር፣ አሁንም ነው።

ደግሞ ውሸቱን አልነበረም። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ኮሪደሩ የሽንትና የቺፕስ ሽታ ነበረው፤ የሒሳብ አስተማሪያችን ጥላን ከሄደች በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው ተተኪ ሁሉ ፊልም እየከፈተልን ስልኩን ይነካካ ነበር። አንዲት ጎበዝ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረችን። ጉዴን ያፈላችው እሷ ናት።

አምስተኛ ክፍል ስንጨርስ፣ አባቴ ከኛ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ቻርተር ትምህርት ቤት መኖሩን ሰማ። ገንዘቡን መንግሥት ይሰጠዋል፣ የሚያዝበት ግን የለም፤ ዩኒፎርም አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ወላጅ ይከበርበታል። ፈላጊው ስለበዛ ግን ልጅ የሚያስገቡት በሎተሪ ነው። ሎተሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሎተሪማ ያውቃል! እዚህ አገር ያመጣን ዲቪ ሎተሪ ነው። ታናሽ ወንድሙም እንደዚያው ሞልቶ ነበር፤ ዕድሌን ላብዛ ብሎ ሁለቴ ስለሞላ ተሰረዘና እዚያው ቀረ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ የሞተ ሰው እንደሚያነሳ።

እናቴ «ለሁለቱም ሙላላቸው እንጂ» ስትለው ጮኸባት። «አንቺ ሴትዮ ዲስኳሊፋይ ልታስደርጊን ነው? ለአንድ ቤት አንድ ነው! አንዷ ትግባ፣ ከገባች በኋላ ሌላዋን ትስባታለች።» ሰው ጠይቅ ብትለውም አልጠየቀም። ለአባቴ ሰው መጠየቅ ሞቱ ነው።

እናም አንዳችንን መምረጥ ነበረበት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታክሲውን ሐይቁ ዳር አቆመና ከኋላ ወንበር ተሳፋሪ የረሳውን ጋዜጣ አነሳ። አንድ አንቀጽ ጠቁሞ «ሁለታችሁም ይቺኑ ታነባላችሁ። ያልተሳሳተች ትሄዳለች» አለ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የዳክዬዎቹ ጩኸት ይሰማል፣ ፀሐዩ ጋዜጣው ላይ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ። መሀል ላይ ስለ አንድ የጦር መኮንን ያወራል። ማዕረጉ ሲጻፍ ኮሎኔል ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲነበብ ግን «ከርነል» ነው የሚባለው። ያቺ ጎበዝ አስተማሪያችን በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ጽፋው ስቀንበት ነበር። እኔም ኮራ ብዬ ከርነል አልኩ።

«ምን አልሽ? ድገሚው።»

«ከርነል።»

«ኮሎኔል ነው! የገዛ አጎቴ ኮሎኔል ነበር፣ ለኔ ልትነግሪኝ ነው?»

«ቲቸር ናት እንደዚህ ያለችን» አልኩት።

«ይኸው! እኔ ምን አልኩ? ያ ትምህርት ቤት የሚያስተምራቸው ይሄን ነው! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለና ጋዜጣውን ከእጄ ነጥቆ ለእህቴ ሰጣት። እህቴ የምትማረው እኔው ክፍል ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውንም አብራኝ አይታለች። ጋዜጣውን አንዴ አየች፣ አባቴን አንዴ አየች፣ ከዚያ «ኮሎኔል» ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። አባቴ ግንባሯን ሳማት። ወደኔም ዞሮ፣ ሊያጽናናኝ መሰለኝ፣ «አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ የትም ብትጣይ ትበቅያለሽ» አለኝ። እኔ ግን የምሰማው መጣሌን ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት አልጋችን ላይ ሆነን እህቴን ለምን እንደዚያ እንዳነበበች ጠየቅኳት። «አይ ኒው ኢት። ባት ዳዲ ዲድንት» አለችኝ። እኔ አውቀዋለሁ፣ አባዬ ግን አያውቀውም ማለቷ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በኋላ ሳስበው እሷ ጋዜጣውን አይደለም ያነበበችው፣ አባታችንን ነው፤ እሱን ማንበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ደግሞ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ዕጣው ወጣላት። ከገባች በኋላ እኔን ትስበኛለች የተባለውን ግን ዳግመኛ ያነሳው የለም። እናቴ በጠዋት ፍሪሞንት ሄዳ አረጋውያን ስለምትንከባከብ የዩኒፎርሙ ነገር በኔ ላይ ወደቀ። የጉርዱ እጥፋት ብዙ ነው፤ አንዱን ስታስተካክሉት ሌላው ይጣመማል። እህቴ ቁርሷን እየበላች «ዚስ ዋን ኢዝ ክሩክድ»፣ ይሄኛው ተጣሟል፣ ትለኛለች፣ እንደገና እተኩሳለሁ። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አብረን ነበር የምንሄደው። አንድ ቀን አንዷ የክፍሏ ልጅ ስለኔ ጠየቀቻት። እህቴ ቀና ብላ ሳታየኝ «ካዝኔ ናት»፣ የአጎቴ ልጅ ናት፣ አለቻት። መንታዬ ናት እንግዲህ፤ ዘጠኝ ወር አንድ ሆድ ውስጥ አብረን የተኛን።

አሁን ትልቅ ሴት ነኝ፣ ልጅም አለኝ። ለልጄ ትምህርት ቤት ስመርጥ የአባቴን ክርክር ቃል በቃል ስናገረው ራሴን እሰማዋለሁ፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። እህቴ የዩኒቨርሲቲ ብድሯን መንግሥት እንዲሰርዝላት ስትመኝ አባቴ «የተበደረ ይክፈል! ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ ቧንቧ ሠራተኛ ያንቺን ዕዳ ምን በወጣው?» ይላታል፣ እኔም እሱን እደግፋለሁ። ትፈርዱብኝ ይሆናል። ስለ ትምህርት ቤትም ስለ ብድርም አባቴ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሳሳተው በኔ ላይ ብቻ ነው።

መሳሳቱን ያወቅነው እህቴ ቻርተሩ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ቻርተሩ ያስተምርበት የነበረውን ሕንፃ የከተማው ትምህርት ቦርድ ሊወስድበት አስቦ ስብሰባ ተጠራ፤ ወላጆችም ወጥተው እንዲናገሩ ተለመኑ። አባቴ ክራባት አሰረ። አስተርጓሚ ያደረገው እኔን ነው። የእህቴ አማርኛ በዚያ ዓመት ተሟጦ አልቆ፣ በአማርኛ ቢያናግሯትም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነበር። እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ለምስክርነት ይመስል ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አዳራሹ አዲስ ምንጣፍ ይሸት ነበር፤ ማይክራፎኑም ለኔ ቁመት ከፍ ያለ ነበር። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጀመረ። «እኔ ድሃ ነኝ፤ ሀብታም ቤቱን እየቀየረ ትምህርት ቤት ይመርጣል፣ እኔ ቤት መቀየር አልችልም። ይሄን በር ከዘጋችሁብኝ ሌላ በር የለኝም። አባት ነኝ፤ ለልጄ እኔ ልምረጥላት።» አሳምሬ ተረጎምኩለት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከቦርዱ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ፈገግ ብላ ሌላ ልጅ እንዳለው ጠየቀችው። አባቴ በጭብጨባው ሞቅ ብሎት «ይቺው ናት፤ መንታ ናቸው» አለ። ታዲያ ይቺኛዋ ለምን እዚያ አትማርም አለችው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ሎተሪ አይደል? ሁለቴ የሞላ ይሰረዛል። የተሻለችዋን መርጬ ሞላሁ» አለ።

የተሻለችዋን የሚለውንም ተረጎምኩት። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም፤ መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ ተናገረች። እንደዚያ ያለ ደንብ የለም። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ስም ይሞላል። ለመንታ ለሁለቱም ከተሞላ ደግሞ ለአንዷ ዕጣ ሲወጣ ሌላዋም አብራ ትገባለች።

አባቴ ጎንበስ ብሎ «ምን አለች?» አለኝ።

ነገርኩት። በአማርኛ ስናገረው በእንግሊዝኛ ከሰማሁት ይበልጥ አመመኝ፤ «አንተ ሞልተህልኝ ቢሆን እኔም እገባ ነበር» ማለት ነበረብኝና። አባቴ እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳ። አዳራሹ ሁሉ ይጠብቀዋል፣ እህቴ ጉርዷን እየጎተተች ወለሉን ታያለች። በሕይወቴ ያን ያህል ሳስቼለት አላውቅም፤ ተሳስቻለሁ ቢል እዚያው ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ እግሩን ልስም ደርሼ ነበር።

ክራባቱን አስተካከለ። «ንገሪያት» አለኝ፣ «ደንቡን አውቃለሁ በያት። አውቄ ነው፣ መርጬ ነው በያት።»

ወደ ማይክራፎኑ ተንጠራርቼ፣ አባቴ ደንቡን ያውቅ ነበር፤ ለኔ ያልሞላልኝ አውቆ ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ሴትየዋ አመስግናን ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራች።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «እንዴት ነበር?» ብላ ተቀበለችን። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ክራባቱን እየፈታ፣ «ልጅሽ እንዴት ያለች አስተርጓሚ መሰለችሽ! አንድ ቃል አልጣለችም» አላት።

ከአባቴ አፍ ስለኔ የሰማሁት ሙገሳ እሱ ብቻ ነው። እናቴ ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ፤ እኔም ምን እንደተረጎምኩ ሳልነግራት ተሳምኩ።