ዝንጀሮዎቹ የለመዱት ሰባኪ

ሰውየውን ያየሁት አክስቴን ጆሮዋን ላሳክም ክሊኒክ የሄድኩ ቀን ነው። የጆሮና የጉሮሮ ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚመጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ጢም ብሏል። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሲገባ ሌላው ሁሉ መቀመጫውን እየጎተተ አንድ ቦታ ይጠጋል፤ ተራ የሚባለው እሱ ነው። እኔም እስክንደርስ ለአክስቴ ጆሮዋ ሥር ከመጽሐፍ ቅዱሴ አነብላታለሁ።

በሩ አጠገብ አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በእኔው ዕድሜ ያለ ሰው ተቀምጧል። ነርሷ "ተረኛ!" ብላ ስትጣራ ብድግ አለና ሕፃን ታቅፋ ለቆመች እናት "ግቢ፣ ግቢ" የሚል ምልክት በእጁ ሰጣት። እሱ ሄዶ የወንበሩ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ከብዙ መጠጋጋት በኋላ ተራው እንደገና ሲደርስ ደግሞ ምርኩዝ ለያዙ ሽማግሌ ለቀቀ። ቀጥሎ ለአክስቴ።

እኔ ሆደ ቡቡ ነኝ። በተለይ ጠዋት ጸልዬ ከወጣሁ ያየሁት ሁሉ የጸሎቴ መልስ ይመስለኛል። አክስቴን ሳስነሣ ወደ ደህናው ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ፣ "እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አለ፤ ተመስገን ነው" አልኳት።

አክስቴ መስማት ስለሚያስቸግራት የምትናገረው ለመላው ኮሪደር ነው። "ምን ይሄ! ሐኪሙን ፈርቶ ነው እንጂ!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ግን ዞር ብሎ አየንና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁ ድምፅ አልነበረውም። ቆይቶ በሰለለ ድምፅ፣ "እናትሽ እውነታቸውን ነው" አለኝ፤ አክስቴ እናቴ መስላው። "ከጠዋት ጀምሮ በፍርሃት ደግ ሰው ሆኜ ውያለሁ።"

አክስቴ ታይታ ስንወጣ ሚስቱ ከካርድ ክፍል ተመልሳ ወንበሩ ጫፍ ላይ አገኘችው።

"አንተ! በሩ ጋ አስቀምጬህ አልሄድኩም?"

በእጁ ወደ ሕዝቡ አመለከተ።

"ሰው ወደድክ? ዛሬ ነው ሰው የምትወደው? ተነሣ!" እጅጌውን ይዛ አስገባችው።

ሲወጡ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ተገናኘን። ሚስቱ መቆጣቱን ትታለች፤ ነገሩ መክበዱን ያወቅኩት ከዚያ ነው። ጉሮሮው ውስጥ፣ ድምፅ የሚያወጣው ቦታ ላይ እብጠት ተገኝቷል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። እስከዚያው ጩኸት፣ ስብከት፣ ረጅም ንባብ ክልክል ነው።

"ወንጌላዊ ነው" አለችኝ ሚስቱ ዝቅ ብላ። "ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ገጠር የምትልከው እሱን ነው። ካለ ድምፁ ምን ይሠራል?"

እሱ ግን ብብቴ ሥር ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ያያል። "ለእናትሽ ስታነቢላቸው ስሰማሽ ነበር" አለኝ። "እርስዎ ደግሞ…" ብዬ ስጀምር፣ "እርስዎ ስትይኝ ድምፄ ብቻ ሳይሆን እኔም ያለቅኩ ይመስለኛል፤ አንተ በይኝ" ብሎ አቋረጠኝ። ስንጠያየቅ ለካ ቤታችን በአንድ መንገድ ላይ ነው። ሚስቱ ሻይ ጠራችኝ፤ አክስቴን ቤት አድርሼ ሄድኩ።

ስለ ንባቤ ትንሽ ልናገር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ከትከሻቸው በላይ አንገቴን አስግጌ ነው። እነሱ "ሀ" ሲሉ "ሀ" እያልኩ ስለተማርኩ እስከ ዛሬ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አይሆንልኝም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውንም እያጉረመረምኩ ነው የማነበው። ልጆቼ "ሬዲዮናችን ተከፈተ" ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን "በልባችሁ አንብቡ" ሲባል ከመላው ምእመን የኔ ልብ ብቻ ይሰማል። ያም ሆኖ ማንበብ በመቻሌ ጌታን የማላመሰግንበት ቀን የለም።

ቤታቸው አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። በሩ ኋላ ጭቃው የደረቀበት ቦት ጫማ ቆሟል፤ ሚስማሩ ላይ የዝናብ ልብስ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ትልቅ የድምፅ ማጉያ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል፤ ውስጡ ቀይ ሽንኩርት ተሞልቷል።

"ከሱ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ነው" አለች ሚስቱ ሻዩን እየቀዳች።

ታሪኩን የሰማሁት ከሁለቱም ነው። እሱ ይጀምራል፤ ድምፁ ሲደክም እሷ ትጨርሳለች። ብዙውን ጊዜ እሱ ባላሰበው መንገድ ነው የምትጨርሰው።

ወጣት ሳለ መናኸሪያ ውስጥ መኪና ጠሪ ነበር። "ጥሩምባው" የሚል ስም የወጣለት ያኔ ነው። "አውቶቡሱ ባዶውን ቆሞ 'አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!' እል ነበር" አለኝ። "አምኖ የሚገባ አይጠፋም።"

"እኔም አንዷ ነበርኩ" አለች ሚስቱ። "ገብቼ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ስወርድ ልሰድበው ነበር፤ ይኸው አገባሁት።"

መናኸሪያው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ሰባኪ ይቆሙ ነበር። እሳቸው ሰውን ወደ ሰማይ ይጠራሉ፣ ጥሩምባው ወደ ቀጣዩ ከተማ፤ ሲጯጯሁ ይውላሉ። አንድ ቀን ሽማግሌው ሳል ይዟቸው ቃል ማውጣት አቃታቸው። ጥሩምባው አዘነና፣ "አባቴ፣ እዚህ ቁጭ ይበሉ፤ የሚሉትን በጆሮዬ ይንገሩኝና እኔ ልጥራልዎት" አላቸው። እሳቸው በሹክሹክታ፣ እሱ በጩኸት እየተቀባበሉ ዋሉ።

"ሌላ ቀን የምጮኸውን አልሰማውም ነበር" አለኝ። "ያን ቀን ሰማሁት።"

ሚስቱ ክንዱን ገፋ አደረገችው። "የመጀመሪያውን ስብከትህን ንገራት እንጂ!"

አቀርቅሮ ሳቀ። መጀመሪያ በሰበከበት መንደር፣ ጌታን መቀበል የሚፈልግ ወደ ፊት ይምጣ ለማለት አስቦ አፉ የለመደውን አወጣ፤ "አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!" ሕዝቡ ቦታው ሳይሞላበት ተሽቀዳድሞ መጣ። አብረውት የነበሩት አገልጋዮች መንፈስ ወረደ ብለው አለቀሱ። "ወርዶ ይሆናል" አለኝ። "እኔ ግን የማውቀው የመናኸሪያውን ነው።"

ከወንዝ ማዶ ወዳለች አንዲት መንደር መመላለስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በሌላ ጊዜ ሲሄድ ሰዎቹ በሰላምታ ተቀብለው ወደ ሥራቸው ይበተናሉ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግን ሰው ልከው ያስጠሩታል። ሰብል ከሚጠበቅበት ማማ ላይ በክብር ያወጡታል። አራት እንጨት ላይ የቆመ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሆኖ እርሻው ሁሉ ይታያል። "ጮክ ብለህ ስበክ" ይሉታል። እሱም ፀሐይ እስክትጠልቅ ይሰብካል። በድምፅ ማጉያው ሞክሮ ባትሪው ሲያልቅ በጉሮሮው ይቀጥላል።

"የእኔ የዋህ" አለች ሚስቱ። "ያንን ሄዶ በስብሰባ ተናገረ።"

"ተናገርኩ። 'ያ መንደር በመኸር ወራት ቃሉን ይጠማል' አልኩ። የስምሪት ኃላፊያችን እንባ ተናነቃቸው። በሌላው ዓመት ወንጌላውያን ሁሉ ማሽላ ሲደርስ ይሰማሩ፣ ማማ ላይም ይውጡ ተባለ።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይህ ዘገባ እኛም ቤተ ክርስቲያን ተነግሮ እጄን ዘርግቼ አመስግኛለሁ።

አንድ ዓመት እንደልማዱ ማማው ላይ ሆኖ ሲሰብክ የእርሻው ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ከታች ቆሙ።

"ልጄ፣ በቃ ውረድ። ዘንድሮስ ዝንጀሮዎቹ ለመዱህ።"

ቀና ብሎ አየ። የእርሻው ዳር ላይ ዝንጀሮዎቹ አባት እናት ልጅ ሳይቀሩ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እሸቱን እየፈለፈሉ እሱን ሽቅብ ያዩታል።

"እህቴ፣ እውነቴን ነው" አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "እንደዚያ ጸጥ ብሎ የሰማኝ ጉባኤ አላጋጠመኝም።"

ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አሮጊቷ ውሃ ሰጡት። ከዚያ፣ "ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጮህ የምትለው ምንድን ነው?" አሉት።

"እናቴ፣ አልሰሙም?"

"ለዝንጀሮ የሚጮህ ሰው የሚለው ይሰማል? ቁም ነገር ከሆነ ቁጭ በልና እንደ ሰው ንገረኝ።"

ያን ቀን ወንጌሉን አውጥቶ ከመጀመሪያው አነበበላቸው። እሳቸው ማሽላ ይፈለፍላሉ፣ እሱ ያነባል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ "ዝንጀሮ የለም" ይሉታል። በሄደ ቁጥር ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጎረቤቶቹም ሥራቸውን ይዘው እየመጡ ከበቡት። ማማ ላይ ሲጮህ አንድ ሰው ያላገኘበት መንደር፣ ዝቅ ብሎ ሲያነብ ደጃፉ ሞላለት።

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?" አልኩት። "የዘራኸው በቅሏል።"

ሚስቱን አየ። እሷም ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"መቃብሩ ላይ ነዋ ያቆመው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሲሄድ አሮጊቷ ደክመው አልጋ ላይ ነበሩ። ከአልጋቸው ሆነው አዳመጡ። ጌታ ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ ተሰቅሎ፣ ተቀብሮ ድንጋዩ ሲገጠም የጥሩምባው ድምፅ ተዘጋ። ጉሮሮውን ለማሳረፍ ብሎ፣ "የቀረውን ስመለስ" አላቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ። "ምነው ይህን ሁሉ አስወደድከኝና ቀበርክብኝ?" አሉት።

"ዝም ብለህ አትነግራቸውም ነበር? ተነሥቷል ማለት አንድ ቃል ነው!" አልኩት፤ ሳላውቅ ተቆጥቼ።

"የመናኸሪያ ጠባይ" አለ። "ሰው ጉጉቱ እንዳይበርድበት እያልኩ መጨረሻውን ይዤ ኖርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ጉሮሮዬ እዚህ አስቀረኝ። ሴትየዋ እንደዚያ እንዳዘኑ ቢሞቱ እኔ ምን እላለሁ?"

የስምሪት ቢሮው ሌላ ወጣት ሰባኪ ልላክ ብሏል። "ድምፁ ነጎድጓድ ነው፤ ሲያዩት ማማ ላይ ያወጡታል" አለች ሚስቱ። በስልክ ተቀድቶ ይሂድላቸው ቢባልም አሮጊቷ አንድ ጊዜ ሞክረው፣ ዓይኑ የማይታይ ሰው አላምንም ብለው መልሰዋል። ሚስቱ ራሷ ሄዳ እንዳታነብላቸው ፊደል አልቆጠረችም።

የሚመጣው ገባኝና ሻዬ ላይ አተኮርኩ። ለገጠር ስምሪት ጸልዩ ሲባል ቀድሜ የምንበረከከው እኔ ነኝ። ማን ይሄዳል ሲባል ደግሞ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር የማጎነብሰው እኔው ነኝ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ባደርግም። መኪና ያዞረኛል። ወንዝ እፈራለሁ። ከአክስቴና ከልጆቼ በቀር ለማንም አንብቤ አላውቅም፤ ሰው ሲያየኝ ድምፄ ከጉረምረምታ አያልፍም።

ይህንኑ ነገርኩት። የመጨረሻውን ሲሰማ ደስ ያለው መሰለ።

"እህቴ፣ እኔ ክሊኒኩ ውስጥ የሰማሁት እሱን ነው" አለኝ። "ለደከመ ሰው፣ ጆሮው ሥር፣ ቀስ ተብሎ። ያን ሽማግሌ ሰባኪ አስታወስሽኝ። እኔ ጮኼ ድምፄን አዋስኳቸው፤ አንቺ ደግሞ ዝቅ ብለሽ አውሺኝ። አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ባለቤቴም አብራን ትሄዳለች፤ መንገዱን ከኔ በላይ ታውቀዋለች።"

"መኪናው ሲያዞርሽ እኔ እይዝሻለሁ" አለች ሚስቱ።

ጥሩምባው ሻርፑን አላላና ወደ በሩ፣ ወደ ቦት ጫማው አየ። ከዚያ በሰለለው ድምፁ፣ አንድም ጊዜ ዋሽቶ እንደማያውቅ የመናኸሪያ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ለመነኝ።

"ሐሙስ ጠዋት እንነሣለን። አሮጊቷ እየጠበቁ ነው። እባክሽ እህቴ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው።"