ፓምፑ አያፈስም፣ ይጠጣል

ዛሬ ጠዋት የመዋኛ ገንዳው ፓምፕ ማንኮራፋት ጀመረ።

አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ከተማ ያለ አፓርትመንት ውስጥ የጥገና ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ገንዳው ደግሞ ነገ ይከፈታል ተብሎ ተለጥፏል። ማናጀሯ ውሃው ውስጥ የሚፍለቀለቀውን አረፋ አየችና «ኤር ሊክ!» ብላኝ ሄደች።

እኔም «ኤር» (አየር) ያለችውን ዘልዬ «ሊክ»ን ብቻ በልቤ «ማፍሰስ» ብዬ ተርጉሜ፣ የሚንጠባጠብ ውሃ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንበረከክሁ። (ያየኝ ሰው ስለት የተሳልኩ ይመስለዋል።) ጠብ የሚል ነገር የለም! ፓምፑ ሊቃጠልብኝ ነው ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ።

በመጨረሻ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ከድር ጋ ደወልኩ። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ እሱ አያፈስም፤ አየር ይጠጣል። የጢም መላጫ አረፋ ቀባና የት ጋ እንደሚውጠው እይ።»

መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባሁ፤ ምንም የለም። የፓምፑ ክዳን ጠርዝ ላይ ስደርስ ግን አረፋዬን ምጥጥ አድርጎ ጠጣው። አጥፍቼ ስከፍተው አየር እንዳይገባ ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ ላይ አንዲት ቅጠል ተጣብቃለች።

ጠዋት አጽድቼ የከደንኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ቅጠሏን አንስቼ መልሼ ስከድነው ማንኮራፋቱ ቆሟል፤ እኔ ግን ጆሮዬን ፓምፑ ላይ ደቅኜ ቆሜያለሁ። ማናጀሯ «ሊኩ የት ነበር?» ብትለኝ ምን ልበላት? እናንተንስ በልባችሁ የተረጎማችሁት ቃል ሥራ ላይ ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? ቶሎ ጻፉልኝ፣ እየመጣች ነው።