አባቴ አንቱ ብሎ የተከራከረኝ ዓርብ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አርብ ገበያ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ነበረን። የእኛ ቀበሌ ከከተማው ስለሚርቅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን እንማር ነበር። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ግን ከሚመለሰው ገበያተኛ ጋር ተቀላቅዬ ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ።

ክበቡን የሚመራው የሥነ ዜጋ መምህራችን ነበር። ደንቡ አጭር ነው፦ ስድብ የለም፣ የማንም ሰው ስም አይነሳም፣ ማይክ የያዘ ሰው ተማሪም ሆነ አስተማሪ አንቱ ይባላል። ይህ የመጨረሻው ደንብ መጀመሪያ ላይ በሳቅ ሊገድለን ደረሰ። ጠዋት በአንድ ሳህን ቁርስ አብራኝ የበላችውን ጓደኛዬን ከሰዓት በኋላ "አንቱ ያሉት ማስረጃ የለውም" ማለት ቀላል አይደለም። እየቆየን ስንሄድ ግን ለመድነው። እንዲያውም አንቱ ስንባባል የምንናገረውን መምረጥ ጀመርን።

የተዝካር ድግስ በሕግ ይገደብ አይገደብ ብለን ተከራክረናል። ተማሪ ሞባይል ይዞ ይግባ አይግባ ብለንም ተጯጩኸናል። አንድ ቀን ግን መምህሩ ሰሌዳው ላይ "መሬት ገበሬው የሚሸጠውና የሚለውጠው ንብረት ይሁን ወይስ አይሁን?" ብሎ ጻፈ። ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። አባቶቻችን መሬታቸውን ያርሱታል፣ ያከራዩታል፣ ለልጅ ያወርሱታል፤ መሸጥ ግን አይችሉም። ይህንን ጉዳይ ትልልቅ ሰዎች በቴሌቪዥን ሲነታረኩበት ሰምተን እናውቃለን። እኛን ግን ጠይቆን የሚያውቅ አልነበረም።

ዕጣ ስናወጣ ለእኔ "ይሁን" ደረሰኝ። የምንገጥመው ከንፋስ መውጫ የሚመጣውን የሌላ ትምህርት ቤት ቡድን ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ያከራየችንን ሴትዮ ተከራከርኳት፣ ባጃጅ ነጂውን ተከራከርኩት፣ ጓደኞቼ ሲሰለቻቸው ብቻዬን ከግድግዳው ጋር ተከራከርኩ። ስጀምር የማላምንበት ነገር ነበር፤ ረቡዕ ላይ ግን ግማሽ በግማሽ አምኜበት ነበር።

ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ በሌላ ስብሰባ ስለተያዘ መምህሩ ግቢ ውስጥ፣ ገበያውን ከሚያዋስነው አጥር ሥር ወንበር አስደረደረ። ስፒከሩን የአጥሩ እንጨት ላይ አሰረው። ፊቱ ወደ ገበያው መዞሩን ያስተዋለ አልነበረም።

መጀመሪያ ተነስቼ ተናገርኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። "ገበሬው በሬውን ይሸጣል፣ እህሉን ይሸጣል፣ ጉልበቱንም ይሸጣል። በዚህ ሁሉ የታመነ ሰው በመሬቱ ላይ ብቻ እንደ ሕፃን የሚጠበቀው ለምንድን ነው? መሬታችንን የመሸጥ መብት ይሰጠን!" አልኩ። ከንፋስ መውጫ የመጣው ተጋጣሚዬ ረጅም ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ቆይቶ እንደመጣ አነጋገሩ ያስታውቅበታል፤ ቃል አያባክንም። "መሸጥ መብት ነው ይላሉ። የራበው ሰው የሚያደርገው ሽያጭ ግን ምርጫ አይደለም" ሲል ጭብጨባው ከአጥሩ ወዲያ ጭምር ተሰማ።

ያን ጊዜ ዞር ስል አጥሩን ሰው ሞልቶታል። ገበያው ግማሹ ወደ እኛ መጥቷል። ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አቁመው የሚያዳምጡ ሽማግሌዎች፣ ሽንኩርታቸውን በዘንቢል የያዙ ሴቶች፣ ጭነታቸውን ያላራገፉ አህዮች። መምህሩ ሊበትናቸው አልፈለገም፤ በሩን አስከፈተላቸው። ገቡ።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከመሀል አንድ ዱላ ከፍ አለ። አባቴ ነበር።

ባቄላ ሊሸጥ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ስለ ርዕሱ አንድም ቃል አልነገርኩትም። ኋላ እንዳጫወተኝ፣ አንድ ነጋዴ እጁን ጆንያ ውስጥ ከቶ ባቄላውን ሲያገላብጥ የልጁን ድምፅ ከሰማይ የሚመጣ ያህል ሰማ። "መሬታችንን የመሸጥ መብት ይሰጠን" ስል ነው። ጆንያውን ለጎረቤቱ ጥሎለት መጣ።

መምህሩ ማይኩን ሰጠው። አባቴ ጋቢውን አስተካከለና "ጥያቄዬ ለዚች ልጅ ነው። አንቺ፣ መሬት ይሸጥ ስትዪ..." ብሎ ሲጀምር መምህሩ በትሕትና አቋረጠው።

"አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የክበቡ ደንብ አለ። እዚህ የሚከራከር ሁሉ አንቱ ነው የሚባለው።"

"የወለድኳት ልጄ እኮ ናት።"

ሕዝቡ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። "አውቃለሁ። እዚህ ግን ተከራካሪ ናቸው" አለ።

አባቴ መምህሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። "እንግዲያውስ አንቱ" አለኝ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ቤት ውስጥ እኔና እሱ አንተና አንቺ ነን። "አንቱ እንዳሉት መሬት ይሸጥ እንበል። ክረምቱ ከፋ፣ ልጅ ታመመ። ባለ ገንዘብ መጣ፣ ገበሬው ሸጠ። ገንዘቡ አለቀ። በማግስቱ ያ ሰው ምን ሆኖ ይነሳል? ይንገሩኝ።"

"ዛሬስ ክረምቱ ሲከፋ ምን ይሸጣል?" አልኩ። "በሬውን ይሸጣል። በሬ የሌለው ሰው ምርቱን ሊካፈል መሬቱን በእኩል ለሌላ ይሰጥና የራሱ ማሳ ዳር ቆሞ ያያል። አንቱም አይተዋል።"

"በሬ ይገዛል፣ ጥጃም ይወለዳል። መሬት ወልዶ ያውቃል?"

"አያውቅም። እየተከፋፈለ ግን ያንሳል። አንቱ ከአባትዎ የወረሱትን ከወንድሞችዎ ጋር ተካፍለዋል። ለልጆችዎ ሲካፈል ጥማድ በሬ ለማዞር ይበቃል? ከተማ የገባው ልጅ ድርሻውን ለሚያርሰው ቢሸጥለት ማን ተጎዳ?"

አባቴ አልዘገየም። "ለሚያርሰው መሸጡን በምን አወቁ? ለከተማ ነጋዴ ቢሸጠውስ?"

"መጀመሪያ ወንድም፣ እህትና ጎረቤት ይጠየቅ ተብሎ ሕግ ይውጣ። ባልና ሚስት ሳይስማሙም አይሸጥ።"

"ሕጉን ማን ያስከብረዋል?"

ከሽማግሌዎቹ መካከል "እሱ ነው ጥያቄው" የሚል ድምፅ ተሰማ። "እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው" አልኩ፤ ሕዝቡ ሳቀልኝ። አባቴም ሳቀ። ሰዓቱ አለቀ።

ዳኛ ሆነው የተቀመጡት መምህራን ለንፋስ መውጫ ቡድን ፈረዱ። ተጋጣሚዬ መጥቶ ጨበጠኝና "እኔ ዕጣው ቢገለበጥልኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ። አላዘንኩም። ሰው ሁሉ ክርክሩን ይዞት ወደ ገበያው ሲመለስ፣ ሁለት ገበሬዎች በአንድ ጆንያ ገብስ ዋጋ ፋንታ ስለ ሕግና ስለ መሬት ሲነታረኩ እያየሁ እንዴት ልዘን?

መንገድ ስንጀምር አባቴ ብዙ ሳይሄድ ቆመ። "በይ አሁን አንቺ አይሸጥ በዪ፣ እኔ ይሸጥ ልበል" አለኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አህያዋን እየነዳ፣ ዱላውን እያወዛወዘ ይሸጥ የሚለውን እኔ ከተከራከርኩት በላይ ተከራከረለት። ወጣት ሳለ መተማ ወርዶ ሥራ ሊጀምር አስቦ መሬቱን ትቶ መሄድ ስላልቻለ የቀረበትን ቀን አነሳ። ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ብሸጠው ኖሮ እሄድ ነበር" አለ። "ሄደህ ቢሆን እኔ አልወለድም ነበር" አልኩት። "ይኼ ማስረጃ አይደለም" አለኝ። አብረውን የሚጓዙት ገበያተኞች በሁለት ወገን ተከፍለው ገቡበት፤ ዳገቱን ሳናውቀው ወጣነው።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ድምፃችንን ከሩቅ ሰምታ የተጣላን መስሏት ደጅ ወጥታ ጠበቀችን። ነገሩን ስናስረዳት፣ እሱ ሲጀምር እኔ ስጨርስ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችን።

"እናንተ ስትሸጡት ስትለውጡት ዋላችሁ" አለች። "ሲሸጥም ሳይሸጥ ሲቀርም ይህቺ ልጅ ድርሻዋ የት ነው? ወንድሞቿ ጎጆ ሲወጡ ማሳ ተከልሎላቸዋል። ለእሷ የትኛውን አሳይተሃታል?"

እኔ ራሴ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ገበሬው መብት ስጮህ ስለ ራሴ ማሰቡ አልመጣልኝም ነበር። ደሜ እንደገና ሞቀ። "እናቴ ያነሳችው ከሁላችንም ይበልጣል" አልኩ፤ ያን ማታ እራት የበላነው እየተከራከርን ነው።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ወንድሞቼ አልወደዱትም፤ እሷ አግብታ ትሄዳለች አሉ። አባቴ ወሩን ሙሉ ሰማቸው፤ እኔም በመጣሁ ቁጥር ተሟገትኳቸው። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንንም ይዞ ወደ ማሳው ወረደ። ከወንዙ በላይ ያለውን የገብስ መሬት በዱላው እያሳየ "ይኼ የእህታችሁ ነው። ታርሰዋለች፣ ታሳርሰዋለች፣ የእሷ ጉዳይ ነው" አለ። ታላቅ ወንድሜ መከራከር ሲጀምር "ማስረጃህን ይዘህ ና" አለው።

ዛሬ ወገዳ ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ፤ መሬቱን ታላቅ ወንድሜ በእኩል ያርስልኛል። መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ግን እኔና አባቴ እስካሁን አልተስማማንም። ስልክ ሲደውልልኝ ከጤናና ከዝናብ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሐሳብ እንዳገኘ ነግሮኛል፤ በስልክ ግን አልናገርም ብሎ ለፋሲካ እስክመጣ እየጠበቀኝ ነው።