ግማሽ ደርዘን የሙሽራ ጌጥ

ኢጅላል እንደኔው ከኦምዱርማን ተሰዳ ካይሮ የገባች ጎረቤቴ ናት፤ ፈይሰል ሰፈር በር ለበር እንኖራለን። ባሏ አብደልባጊ ጦርነቱ በጀመረ በሦስተኛው ወር ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለ እሱ ስጠይቃት «ምንም የለም» ብላ ወሬ ትለውጥ ነበር። እኔ ተስፋ ሳትቆርጥ የምትጠብቀው መስሎኝ ነበር።

ሰው ቤት እየዞረች ወለል ስትወለውል ጉልበቷ አበጠ። የሙሽራ ጌጥ በስልክ እንሽጥ ያልኳት ያኔ ነው። በጦርነቱ የሴቶቻችን ቤት ሁሉ ተዘርፏል፤ ለሙሽራ የሚታሰረው ቀይ የሐር ክር፣ ሰማያዊ ዶቃው፣ የግንባሩ ጨረቃ ሁሉ አብሮ ሄዷል። ሰርግ ግን በስደትም አልቀረም።

አታባ ገበያ የሄድንበት ጅምላ ሻጭ ቀና ብሎም አላየን።

«ከደርዘን በታች አልሸጥም።»

«ስድስት ስጠንና እንሞክረው። ከሄደልን የትም አንሄድብህም፣ አንተው ጋ ነን» አልኩት።

«እናንተ ሱዳኖች ሁልጊዜ ሙከራ! ሐብሐብ ነው እንዴ ተቆርጦ የሚታየው?»

«ሐብሐብ ቢሆንማ ባይሸጥም እንበላው ነበር» አለች ኢጅላል። ሰውየው ሳቀና ስድስቱን ጠቀለለልን። እነዚህ ከተሸጡ ሙሉ ደርዘን እንወስዳለን፣ ከዚያ ሌላ ደርዘን፤ ውልወላውም ይቀራል ብለን ተመለስን።

ፎቶውን የስደተኛ ሴቶቻችን የስልክ ቡድን ላይ ለጠፍን። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ማሻአላህ» የሚል መዓት ነው፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። በመጨረሻ አንዷ «የማን እጅ ነክቶታል?» ብላ ጻፈች። ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ ይህ ጌጥ ትዳሯ ከሰመረላት አክስት ነው የሚዋሰው፤ ባል የሞተባት ሴት እጇን አታስነካውም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ረስቼ ገበያ ወጣሁ! ስልኩን ከኢጅላል ተቀበልኩና፣ እኔ ባል ስለሌለኝ እሷን አስቤ «በባለትዳር እጅ የተዘጋጀ» ብዬ ጻፍኩ።

«አጥፊው» አለችኝ ኢጅላል።

«ባልሽ ሞተ ያለ አለ? ምኑ ነው ውሸቱ?»

ጌጡን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። ይህንን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የጻፍኩት እንደተጻፈ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሐጃ ነፊሳ የሚባሉ ሴትዮ ሙሽራ ልጃቸውን ረዋንን አስከትለው መጡ። የሚዳሩ የእህት ልጆችም አሏቸው። ጌጡን አገላብጠው አዩና «ስድስቱንም እወስዳለሁ» አሉ። እኔ በደስታ ልፈነዳ!

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ፣ ባለትዳሯ እሷ ናት ብያቸው ነበርና ወደ ኢጅላል ዞረው። «የመጀመሪያውን ክር አንቺ እሰሪላት። የእኔ ባል ሞቷል፤ እህቶቼ ተበትነዋል። ለልጄ የባለትዳር እጅ አጣሁ።»

ረዋን ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። ኢጅላል ክሩን አንድ ጊዜ አዞረችው። ከዚያ ጣቶቿ ቆሙ። እኔ ከኋላ በዓይኔ «እሰሪ እንጂ!» እላለሁ።

«ይቅር ይበሉኝ ሐጃ» አለች። «እኔም እንደርስዎ ነኝ። ባሌ ሞቷል።»

«ደክሟት ነው!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ገና ወሬው አልመጣም!»

«ከመጣ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። የደወለልኝ የቀበረው ወንድሙ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።» ክሩን ከልጅቷ እጅ ላይ ቀስ ብላ ፈታችው። «ሰው ከሰማ የመበለት ነጭ ታስለብሱኛላችሁ። ከለበስኩ ደግሞ በቃ፣ ሞተ ማለት ነው።»

ሐጃ ነፊሳ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ የፋቲሃ ጸሎት አደረሱ፤ አቅፈውም አለቀሱ። ጌጡን ግን አልወሰዱም። አልፈርድባቸውም፤ የራሳቸውን እጅ እንኳ ለልጃቸው ፈርተውላታል።

እኔ አፈርኩ። ለቅሶ ልደርሳት የሚገባኝን ሴት ለገበያ አቀረብኳት። ባልዋሽባት ኖሮ ቢያንስ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ቤት ትነግረኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሯ ሲከፈት ሰምቼ ወጣሁ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳለች። አቅፌ ላለቅስላት ስል «ማታ ነይ፣ አሁን ሥራ ይረፍድብኛል» አለችኝና ግድግዳውን ተደግፋ ደረጃውን ወረደች።